ሰው ገደለ የተባለው ባትሪ

ጋሽ ደምሴ መሞታቸውን የነገረኝ ከሱቃቸው አጠገብ ቁልፍ የሚቀርጸው ሰውዬ ነው። ቦሌ ሚካኤል ክር ልገዛ ወርጄ በዚያች ጠባብ መንገድ ላይ ድንኳን ተተክሎ አየሁና የማን ለቅሶ እንደሆነ ጠየቅኩት። ዓይኑን ከሥራው ሳያነሳ «የባትሪው ሰውዬ ናቸዋ» አለኝ። ዝም ስለው የማላውቃቸው መሰለው መሰለኝ፣ ሊያስረዳኝ ፈለገ። «እኒያ እንኳን፣ ባትሪያቸው ሰው ገደለ የተባለው።»

ገደለ የተባለው ሰው ባሌ ነው።

ክሩን ሳልገዛ ተመለስኩ። ድንኳኑ ውስጥም አልገባሁም። ሳሊተ ምሕረት እስክደርስ ድረስ ታክሲ ውስጥ ስናደድ ነበር፤ መጀመሪያ በቁልፍ ቀራጩ፣ ቀጥሎ በራሳቸው በጋሽ ደምሴ፣ ሳልነግራቸው ስለ ሞቱ። ቤቴ ገብቼ በሩን ስዘጋ ንዴቱ ወደሚገባው ሰው መጣ። ያ ባትሪ ማንንም አልገደለም። ይህን አውቃለሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እያወቅኩ ዝም ብያለሁ። አሁን ቀስ ብዬ ልጽፈው ነው። ስቸኩል የምዋሽ ሰው መሆኔን ተረድቻለሁና።

ባሌ ማቴዎስ ቦሌ ለሚ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ የስፌት ማሽኖች ጥገና ኃላፊ ነበር። ማንኮራፋቱ ለብዙ ዓመት የቤተሰብ ቀልድ ነበር። እኅቶቹ ሊጠይቁን ሲመጡ «ዛሬ የት ነው የምንተኛው፣ እናንተ ቤት ወይስ እንቅልፍ ያለበት ቤት?» ይሉ ነበር። ቀልዱ ያበቃው ሥራ ላይ ቆሞ እንቅልፍ ወስዶት እጁን መርፌ ሊበላው ሲል ነው። ሐኪሙ መርምሮ ተኝቶ ሳለ ትንፋሹ በየሰዓቱ ከሠላሳ ጊዜ በላይ እንደሚቋረጥ፣ ልቡም ከዚህ የተነሳ እንደ ሰፋ ነገረን። የሚያሻው መድኃኒት ሳይሆን ማሽን ነበር፤ ከጫማ ካርቶን የማይበልጥ፣ በቱቦና በአፍንጫ ጭንብል አየር እየገፋ ጉሮሮውን ሌሊቱን ሙሉ ክፍት የሚያደርግ። አንድ ዘመድ ከውጭ ላከልን። በመጀመሪያው ሳምንት ማቴዎስ የሠርጋችን ሰሞን የነበረውን ፊት ይዞ ተነሳ። እንዳይሰማ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

ማሽኑ ግን መብራት ይፈልጋል። ሳሊተ ምሕረት መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኑ ቀጥ ይላል፤ እሱም ታፍኖ ይነሳል። ይህን እንኳ ችለነው ነበር። ያልቻልነው የቤተ ክርስቲያናችንን የጾም ጸሎት ነው። ጉባኤያችን በየዓመቱ ከከተማ ወጥቶ፣ የመብራት ምሰሶ በማይታይበት ኮረብታ ላይ ሦስት ሌሊት በድንኳን ያድራል። ማቴዎስ በማሽኑ ምክንያት ሁለት ዓመት ቀረ። በሦስተኛው ዓመት፣ ማሽን አስሮት ከወንድሞቹ እንደማይለይ ቁርጡን ነገረኝ። ከሄደ ደግሞ ያለ ማሽን እንደማያድር እኔ ቁርጤን ነገርኩት። ወደ ጋሽ ደምሴ የወሰደን ይህ ጭቅጭቅ ነው።

ረጅም፣ ቀጭን፣ የሹራባቸው እጅጌ በባትሪ አሲድ የተበላ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን በየተራራው አናት ላይ ባሉ የራዲዮ ጣቢያዎች ባትሪ ሲጠግኑ፣ በድንኳን ሲያድሩ ኖረው ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው ያንን ሱቅ የከፈቱት። ሱቅ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ ቆሞ ነው የሚያወራው። ከፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ላይ በጠመኔ የተጻፈ ቁጥር እንጂ የዋጋ ዝርዝር የለም። ቁጡ ነበሩ። ሰው ሁሉ ቁጡ ናቸው የሚላቸው ዓይነት ቁጡ። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ከፊቴ የነበረው ወጣት ቴሌቪዥን የሚያሠራ ባትሪ ሠርተው እንዲሰጡት እየለመናቸው ነበር፤ ዋንጫው ሳይደርስ።

«ኳስ ሳያይ ቀርቶ የሞተ ሰው ታውቃለህ?» አሉት።

ልጁ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ዕቃውን አስይዘው አስወጡት።

ቀጥሎ እኔን አዩ። ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ ስለ ቮልትና ስለ ዋት የሚጠይቁኝ መስሎኝ ከማሽኑ ጀርባ ያለውን ሁሉ በወረቀት ገልብጬ ይዤ ነበር። ወረቀቱን አላዩትም። ባሌ ሲያንኮራፋ ሳይሆን ማንኮራፋቱን አቋርጦ ዝም ሲል እንዴት እንደሚሆን ጠየቁኝ። ስንት ቆጥሬ ነው ትንፋሹ የሚመለሰው? ሠላሳም አርባም ቆጥሬ አውቃለሁ አልኳቸው። የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ከፊታቸው አስቀመጡ፤ አፍንጫቸውን በሁለት ጣት ጨምቀው ትንፋሻቸውን ዋጡ። በር ላይ የቆመ ደንበኛ ምን እንደሆኑ በዓይኑ ጠየቀኝ። ፊታቸው ቀላ፣ የአንገታቸው ሥር ቆመ፣ ጉልበታቸው ከጠረጴዛው ሥር ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አርባ ሲሞላ ለቀቁና ሳል ያዛቸው። ትንፋሻቸው እስኪመለስላቸው ብዙ ቆየ።

«በየሌሊቱ ይህን?» አሉኝ።

በየሌሊቱ ነው አልኳቸው።

«ወረቀትሽን አምጪ።»

ሰው የእኔን ባል ሕመም በገዛ አካሉ ሲለካው ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ሐኪሙ እንኳ በመሣሪያ ነበር የለካው። ይህን እያወቅኩ በኋላ ያደረግኩትን ማድረጌ ነው እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ።

ማሽኑ በእውነት ምን ያህል መብራት እንደሚበላ ለማወቅ ከወረቀቱ ይልቅ ተኝቶ የሚያሳያቸው ሰው ፈለጉ። ማቴዎስን ቅዳሜ ቀን በጠራራ ፀሐይ ሱቃቸው ድረስ አስመጡት። መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፈው፣ ማሽኑን ከመለኪያቸው ጋር አገናኝተው ተኛ አሉት። ማቴዎስ በሰው ፊት መብላት እንኳ የሚያፍር ሰው ነው። ፍራሹ ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ቁጭ አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልትተኛ ነው የመጣኸው እንጂ ሽምግልና አልተላክም። ጫማህን አውልቅ» አሉት።

ጭንብሉን አጥልቆ አራት ሰዓት ሙሉ ተኛ። ደንበኞች በእግሩ በኩል ተራምደውት ይገቡ ነበር። ጋሽ ደምሴ የሚያወራውን ሁሉ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም እያሰኙ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ቁጥር ይጽፉ ነበር። ድንገት ጎንበስ ብለው ከማሽኑ ጎን ያለችውን የውሃ ዕቃ ነቀሏትና መለኪያቸውን አዩ። እየሳቁ ጠሩኝ። አየሩ አፍንጫ እንዳያደርቅ ውሃ የምታሞቀው ያቺ ትንሽ ዕቃ ከማሽኑ ከራሱ የበለጠ ትበላ ኖሯል። «ጅቡን አገኘሁት» አሉኝ። እሷን አጥፍተን፣ አፍንጫው ቢደርቅ ቅባት እየተቀባ፣ ሦስት ሌሊት የሚያሳድር ባትሪ ሰው አንስቶት በሚሄደው ሳጥን ውስጥ ሊገባ ሆነ።

ሥራቸውን ስላየሁ ሰው ወሰድኩላቸው። በምንኖርበት ሕንጻ ከኛ አንድ ፎቅ በታች የምትኖር ሙሉ የምትባል ጎረቤት አለችኝ። አባቷ ሳንባቸው ደክሞ ቀኑን ሙሉ ኦክስጅን ከሚሠራ ማሽን ጋር ታስረው ነው የሚውሉት። መብራት ሲጠፋ ያን ቤት የሚይዘውን ድንጋጤ ከላይ ሆኜ እሰማው ነበር። ጋሽ ደምሴ ለእሷም ከኛ የሚበልጥ ባትሪ ሠሩላት፤ መብራት ቢጠፋ ሁለት ሰዓት ያቆይላታል። ሙሉ ያኔ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ።

የማቴዎስን ሳጥን ልንረከብ የሄድን ቀን ጋሽ ደምሴ እሱን ወደ ጎን ትተው እኔን አስቀመጡኝ። ሳጥኑ አንድ ክብ መሰኪያ ብቻ ነው ያለው፤ የማቴዎስ ማሽን ገመድ እንጂ ሌላ ነገር አይገባበትም። የስልክ ቻርጀር እንዳይሰካበት ሆን ብለው ነው። ክዳኑም በብሎን የታሰረ ነው። ግን ይህ ሁሉ ለሳቸው አልበቃቸውም። ድንኳን ውስጥ ብዙ ያደሩ ሰው ናቸው፤ መብራት በሌለበት ቦታ አንድ ባትሪ ይዞ የተገኘ ሰው ምን እንደሚደርስበት ያውቃሉ። ባልሽ እምቢ ማለት አይችልም፣ ፊቱ ላይ ተጽፏል፣ ስለዚህ ጠባቂው አንቺ ነሽ አሉኝ። ማቴዎስ አጠገቤ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ተነስተው በር ላይ ቆሙና ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ ለማኝ አንገታቸውን ሰበሩ።

«እኅቴ፣ በእግዚአብሔር፣ ልጄን ታማ ነው ትቻት የመጣሁት። ስልኬ ዘግቷል፣ አንድ ጊዜ እንድደውል አምስት ደቂቃ ብቻ ልሰካው።»

«እሺ፣ አምስት ደቂቃ ከሆነ…» አልኩ።

«ባልሽን ገደልሽው» አሉና ተመልሰው ቁጭ አሉ።

ሦስቴ ደገምነው። በሦስተኛው ላይ ልጃቸው ታማ፣ እናታቸው ሞታ፣ እሳቸውም እያለቀሱ እምቢ አልኳቸው። ማቴዎስ እስኪያነባ ሳቀ። እሳቸው ግን ተመልሰው ቁም ነገር ገቡ። «ስልክ ይዞ የሚመጣውን ትመልሺዋለሽ። እሱን አሁን አየሁ። እኔ የምፈራልሽ የምታከብሪያቸውን ሰዎች ነው» አሉኝ።

የተናገሩት ሁሉ ደረሰ፣ በተናገሩት ቅደም ተከተል። ኮረብታው ላይ ወንዶች በአንድ ትልቅ ድንኳን፣ ሴቶች በሌላው ነበር የምናድረው። ሳጥኑ ቀን ከእኔ ጋር ማብሰያው ድንኳን ውስጥ ይውላል፣ ሲመሽ ለማቴዎስ እወስድለታለሁ። ስልክ ይዘው የመጡትን በሙሉ መለስኩ። የሽማግሌ ልጅ፣ ነፍሰ ጡር፣ ሁሉንም። ሴቶቹ «ዘበኛዋ» ብለው ስም አወጡልኝ፤ ከሳጥኑ ራቅ ስል «ዘበኛዋ ፈረቃዋን ጨረሰች» እያሉ ይስቃሉ። ደስ ይለኝ ነበር። ማቴዎስም ሁለቱን ሌሊት እንደ ሕፃን ተኝቶ፣ ጠዋት የጸሎቱ ረድፍ ላይ ከሁሉ ቀድሞ እየተገኘ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ማምሻውን ጀነሬተሩ እምቢ አለ። ገመዱን እየተቀባበሉ ሳቡት፣ አልነሳም። ያለ ጀነሬተር ድምፅ ማጉያ የለም፣ ኪቦርድ የለም፣ የመጨረሻው ሌሊት አምልኮም እነሱ እንደሚፈልጉት አይሆንም። የጸሎት ክፍሉ መሪ ወንድም ፍቅሩ ኪቦርድ የሚመታውን ልጅ አስከትሎ ማብሰያው ድንኳን ውስጥ ገባ። ወንድም ፍቅሩን አከብረው ነበር። ማቴዎስ ሲታመም ሆስፒታል ደጅ አብሮኝ የተቀመጠ ሰው ነው። ለአንድ ሰዓት ብቻ እንደሆነ፣ አንድ ወንድም ከተማ በተወው መኪናው ላይ የሚያደርገው፣ ከባትሪ የቤት መብራት የሚያወጣ ኢንቨርተር በሻንጣው ስላለ ባትሪ ብቻ እንደጎደላቸው ነገረኝ። ሴቶቹ ሽንኩርት መክተፍ አቆሙ። እኔ ስለ ማቴዎስ ሌሊት ማስረዳት ጀመርኩ። ወንድም ፍቅሩ በትዕግሥት ሰማኝና እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ።

«እኅት ሰናይት፣ ጌታ ዛሬ ማቴዎስን ከማሽኑ ሊገላግለው ቢሆንስ ያመጣን?»

ለስልክ ነበር የተለማመድኩት። ለዚህ አልተለማመድኩም። ባሌ እንዲፈወስ በልቤ ስጸልይ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ሳጥኑን ከያዝኩ ጸሎቴን ራሴ አላምነውም ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ሴቶቹም እያዩኝ ነበር። ይህንንም ልጻፈው፤ ከእምነቱ ይልቅ ያሸነፈኝ የሴቶቹ ዓይን ይሁን አላውቅም። «ውሰዱት» አልኩ። እልል አሉ። ክዳኑን በራሴ የሽንኩርት ቢላ ነው የፈቱት።

አንድ ሰዓቱ እኩለ ሌሊትን አለፈ። ማንም ሰዓት አላየም፣ እኔም አላየሁም። እጄን አንስቼ ዘመርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ሌሊት ዘምሬ አላውቅም፤ ይህንንም ይቅር የምለው የለኝም። ሳጥኑን ሲመልሱት፣ ባትሪው ሲያልቅ እንድትበራ ጋሽ ደምሴ ያደረጉባት ቀይ መብራት በርታ ነበር። ለማቴዎስ እየፈራሁ አሳየሁት። ደግ እንዳደረግኩ ነገረኝ። አንድ ሌሊት ነው፣ ሃምሳ ዓመት ያለ ማሽን አድሬ የለ እንዴ አለኝና ፈገግ አለ። ወንዶቹ ድንኳን ገባ። በማግስቱ ጠዋት ወንድም ፍቅሩ ወደ ሴቶቹ ድንኳን ሲመጣ አረማመዱን አይቼ አወቅኩ።

ሐኪሙ በኋላ ልቡ በየትኛውም ሌሊት ሊቆም ይችል እንደነበር ነገረኝ። ሊሆን ይችላል። የቆመው ግን በየትኛውም ሌሊት አይደለም።

ለቅሶው ላይ ጋሽ ደምሴ መጡ። ሰው ሁሉ እንደሚለው ያጽናሽ ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። አላሉም። የማቴዎስ እኅቶች፣ የጉባኤው ሽማግሌዎች፣ ወንድም ፍቅሩ በተቀመጡበት መሐል ቆመው፣ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ጠየቁኝ።

«ሰናይት፣ ባትሪውን ማን ነካው?»

በለቅሶ ቤት እንዲህ አይጠየቅም። ሰው አጉረመረመ፣ አንዱ ክንዳቸውን ያዘ። ወንድም ፍቅሩ አንገቱን ደፋ። እኔ የማየው የማቴዎስን ታላቅ እኅት ነበር፤ ወንድሟን የሰጠሁት ለኪቦርድ ነው ብዬ በፊቷ እንዴት ልናገር? ወንድም ፍቅሩ ወሰደው ብል ደግሞ በዚያ ቤት የተቀመጠው ጉባኤ በሙሉ የእሱ ነው። ጋሽ ደምሴ ብቻቸውን ነበሩ። ከሁሉም ውስጥ ወገን የሌለውን መረጥኩ።

«ማንም አልነካውም። ዝም ብሎ ነው የቆመው» አልኩ።

ይዘው አስወጧቸው። ሲወጡ አልተከራከሩም። ሥራቸው የከዳቸው መስሏቸው እንደሆነ ወይም የዋሸሁት ገብቷቸው እንደሆነ ከጀርባቸው መለየት አልቻልኩም።

ወሬው ከሳሊተ ምሕረት ቦሌ ሚካኤል ለመድረስ ሳምንት አልፈጀበትም። አርባ ቀን ሳይሞላ ሙሉን ደረጃው ላይ አገኘኋት። የአባቷን ባትሪ ከታክሲ ሾፌር ጋር ተሸክማ እያወረደች ነበር። ቅር እንዳይለኝ ለመነችኝ፤ በኔ የደረሰውን አይታ በአባቷ ላይ መድፈር እንዳልቻለች፣ ለሰውዬው ልትመልስላቸው እንደሆነ ነገረችኝ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል አልኳት። እጇ ተይዞ ስለነበር የሕንጻውን በር ከፈትኩላት።

ጋሽ ደምሴ ቤቴ አንድ ጊዜ መጡ። ሳጥኑን ጠይቀው ወስደው በሦስተኛው ቀን ይዘውት ተመለሱ፤ አልገባም ብለው በር ላይ ቆሙ። ባትሪው ጤነኛ እንደሆነ፣ ሞልተው እንደፈተኑት፣ ዛሬም ሦስት ሌሊት እንደሚያሳድር ነገሩኝ። ክዳኑ በቢላ እንደ ተከፈተ፣ የባትሪው ጫፎች ላይ የመቆንጠጫ ጥርስ ምልክት እንዳለ በጣታቸው አሳዩኝ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ያ ነው የባሰው። ለማንም እንደማይናገሩ፣ ለራሳቸው ብቻ ከአፌ መስማት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። «የገደልኩት እኔ ነኝ ወይስ አይደለሁም? ይህን ብቻ ንገሪኝ» አሉ።

ሂዱልኝ አልኳቸውና በሩን ዘጋሁ።

በዚያ ቀን የተናደድኩባቸው መናደድ አሁንም ይገርመኛል። ለምን ይጠይቁኛል፣ ለምን እንደ ሌላው ሰው ያጽናሽ ብለው አይሄዱም፣ ለምን ሐዘኔን አያከብሩም እል ነበር። ሐዘኔን የሚያከብሩት ሁሉ ውሸቴን እየጠበቁልኝ እንደሆነ አልገባኝም። ያከበሩኝ እሳቸው ነበሩ፤ እውነት የምናገር ሰው አድርገው ቆጥረውኝ ደጄ ድረስ መጡ።

ከዚያ በኋላ ባትሪ መሥራት እንደተዉ ሰማሁ። ካውያ ይጠግኑ ነበር አሉ። በየተራራው አናት የሰውን ድምፅ ሲያሻግሩ የኖሩ እጆች ካውያ ላይ ዋሉ።

በጋሽ ደምሴ ለቅሶ ሦስተኛ ቀን ነው ተመልሼ ቦሌ ሚካኤል የሄድኩት። ባለቤታቸውን እትዬ አስካለን ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየኋቸው። ባላቸውን የደም ግፊት ድንገት እንደጣላቸው ለሰው እየነገሩ ነበር። ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩና ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ እንዲሰማ ነገርኳቸው። ባትሪውን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ለአምልኮ ብዬ፣ የባልዎ ሥራ ለአንድ ደቂቃ አልከዳም፤ ለቅሶው ላይ ሲጠይቁኝ ዋሸሁ፣ ቤቴ ሲመጡም በር ዘጋሁባቸው። የምናገረውን በቤቴ አጥንቼው ነበር የሄድኩት፤ ቢሆንም መሐሉ ላይ አቋርጬ ልወጣ ነበር። ያስጨረሰኝ ንዴት ነው እንጂ ድፍረት አልነበረም።

እትዬ አስካለ እንባም አላወጡም፣ አላቀፉኝም።

«ይህን ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ?» አሉኝ። «እኔ ባሌን አውቀዋለሁ፣ አንድ ቀን ተጠራጥሬው አላውቅም። ሂጂና ጥለውት ለሄዱት ንገሪ።» ንፍሮ እንድዘግን አስደረጉና ፊታቸውን ወደ ሌላ እንግዳ አዞሩ።

እየነገርኩ ነው። ለማቴዎስ እኅት ነገርኳት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኬን አታነሳም። ለወንድም ፍቅሩ ቢሮው ድረስ ሄጄ ነገርኩት፣ እሱ የሚያውቀውን። ልቤን እንዳላደክም፣ የማቴዎስ ሰዓት ከጌታ ዘንድ የተቆረጠ እንደሆነ መከረኝ። የጌታ ሰዓት ከሆነ ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን በአንድ ሽማግሌ ባትሪ አሳበብን አልኩት። ልጸልይልሽ አለኝ። አትጸልይልኝ፣ እሁድ ተነስተህ ተናገር አልኩት። እስካሁን ሁለት እሁድ አልፏል። በሦስተኛው ይህን ወረቀት ይዤ እኔ እነሳለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ አንድ ደረጃ መውረድ ነበር። ትናንት ከሰዓት ሙሉ ጋ ወረድኩ። በሩን ስትከፍት ከጀርባዋ አባቷ መስኮቱ ሥር ወንበራቸው ላይ ነበሩ፤ የማሽኑ ድምፅ ይሰማል። ግቢ አለችኝ። አልገባሁም። ቆሜ ነገርኳት፤ ስለ ኪቦርዱ፣ ስለ ለቅሶው፣ ስለ ጋሽ ደምሴ ሞት። ትጮህብኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

«በሩን የከፈትሽልኝ ቀን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ዞር ብላ አባቷን አየች። ከዚያ መብራት ሲጠፋ አሁን ምን እንደሚያደርጉ ነገረችኝ። እሷና ባሏ አባቷን በወንበራቸው እንዳሉ ተሸክመው አራት ፎቅ ይወርዳሉ፤ ሆስፒታል እስኪደርሱ መንገዱ እንዳይዘጋ ይጸልያሉ። ባለፈው ሳምንት ብቻ ሁለቴ። የነገረችኝ ወቀሳ ባልሆነ ድምፅ ነው፤ ለጎረቤት ችግር እንደሚነገረው።

«ታዲያ አሁን ባትሪውን ማን ይሥራልን?» አለችኝ።

ስድብ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። በሩን በአንድ እጇ ይዛ መልሴን እየጠበቀች ነበር።